የ3 ወር ኮንትራት ይዤ ሊሚትድ ልክፈት ወይስ አምብሬላ ልግባ ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ሌላውም ሰው እንዲከታተል በአጭሩ ልድገመው። ለንደን ነሽ፣ ዳታ አናሊስት ነሽ፣ ቋሚ ስራሽን ለቀሽ በኤጀንሲ በኩል አንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ የ3 ወር ኮንትራት በቀን 350 ፓውንድ አገኘሽ። ኤጀንሲው "ስራው ኢንሳይድ ነው፣ ከነዚህ አራት አምብሬላዎች አንዱን ምረጪ" ብሎ ሊስት ላከልሽ። አምብሬላ ማለት ኮንትራክተሮችን ቀጥሮ ደሞዛቸውን የሚከፍል መሀል ላይ ያለ ድርጅት ነው፣ ኢንሳይድ ማለት ደግሞ ስራው ለታክስ እንደ ተቀጣሪ ስራ ይቆጠራል ማለት ነው፣ ተቃራኒው አውትሳይድ ይባላል። የባለቤትሽ ጓደኛ ደግሞ "አምብሬላ ገንዘብሽን ነው የሚበላው፣ ሊሚትድ ክፈቺ" አለሽ፣ የራስሽን ካምፓኒ ማለቱ ነው። በዛ ላይ ሊስቱ ውስጥ የሌለ አንድ አምብሬላ ደውሎ "85 ፐርሰንቱን እጅሽ ላይ እናስገባለን" ብሎሻል። ከዚህ በኋላ ደግሞ አንድ ትንሽ ድርጅት ጋ የሁለት ወር ስራ ሊመጣ ይችላል፣ ልጅም እያሰባችሁ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን እያፍታታሁት እሄዳለሁ። ለዚህ ኮንትራት አምብሬላ ግቢ፣ ወይም ኤጀንሲው በራሱ ፔይሮል፣ ማለትም እንደ ራሱ ሰራተኛ ታክሱን ቆርጦ፣ ይከፍልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ሊሚትድ አሁን አትክፈቺ። 85 ፐርሰንት ያለሽን ሰውዬ ግን ስልኩንም አታንሺለት፣ እሱን በተመለከተ ወደታች ላይ በደንብ እጽፍልሻለሁ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ የዚህ ነገር ስሩ አይአር35 የሚባለው ህግ ነው። ከኤፕሪል 2000 ጀምሮ ያለ ህግ ነው፣ ስሙም የታክስ መስሪያ ቤቱ በ1999 ካወጣው የፕሬስ መግለጫ ቁጥር የመጣ ነው። የሚለው ነገር ቀላል ነው፤ መሀል ላይ የራስሽን ካምፓኒ ብታስገቢም ስራው በተግባር የተቀጣሪ ስራ ከሆነ እንደ ተቀጣሪ ታክስና ናሽናል ኢንሹራንስ (ደሞዝ ላይ ታስቦ ሰራተኛውም አሰሪውም ለመንግስት የሚከፍሉት መዋጮ) ይከፈልበታል። ድሮ ይሄን የሚወስነው ኮንትራክተሩ ራሱ ስለነበረ ብዙ ሰው አውትሳይድ ነኝ እያለ በሊሚትድ ይሰራ ነበር፣ የባለቤትሽ ጓደኛ ምክርም ከዛ ዘመን የቀረ ይመስለኛል። ከኤፕሪል 2017 ጀምሮ የመንግስት መስሪያ ቤቶች ላይ፣ ከዛ በኮቪድ ምክንያት አንድ አመት ተገፍቶ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ መካከለኛና ትልልቅ የግል ድርጅቶች ላይ ውሳኔው ወደ አሰሪው ዞረ። ባንክ ደግሞ ትልቅ ድርጅት ነው፣ ስለዚህ የሚወስነው ባንኩ ነው፣ አንቺም ኤጀንሲውም የባለቤትሽ ጓደኛም አይደላችሁም።

ባንኩ ኢንሳይድ ካለ በኋላ ሊሚትድ ብትከፍቺ ምን ይሆናል መሰለሽ፣ ኤጀንሲው ገንዘቡን ወደ ካምፓኒሽ ከመላኩ በፊት ታክሱንና ኢንሹራንሱን ቆርጦ ነው የሚልከው፣ ልክ እንደ ደሞዝ። ካምፓኒሽ ጋ የሚደርሰው ታክሱ ያለቀለት ገንዘብ ነው፣ በዛ ላይ አካውንታንት ትከፍያለሽ፣ አመታዊ ሪፖርት ታስገቢያለሽ፣ የአመት ፈቃድ ክፍያ ግን የለሽም፣ ስትታመሚም ኤጀንሲው የሚከፍልሽ ነገር የለም። የተቀጣሪ ታክስ ከፍለሽ የተቀጣሪ መብት ሳይኖርሽ መስራት ማለት ነው። ብዙ ኤጀንሲም ለኢንሳይድ ስራ ሊሚትድ አልቀበልም ነው የሚለው።

በራሱ ካምፓኒ በኩል ለሚሰራ ሰው ባንኩ ውሳኔውን በጽሁፍ ከነምክንያቱ ሊሰጥ ግዴታ አለበት፣ ስታተስ ዲተርሚኔሽን ስቴትመንት ይባላል፣ ባጭሩ ኤስዲኤስ። ኤጀንሲው በስልክ "ኢንሳይድ ነው" ስላለሽ ብቻ አትቀበዪ፣ ወረቀቱን ጠይቂ። ካልተስማማሽበት ተቃውሞሽን ልታቀርቢ ትችያለሽ፣ ባንኩም በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የሚያዩት በዋናነት ሶስት ነገር ነው። በአንቺ ፋንታ ሌላ ሰው ልከሽ ማሰራት ትችያለሽ ወይ፣ ስራውን እንዴትና መቼ እንደምትሰሪ የሚያዝሽ ማነው፣ እነሱ ስራ የመስጠት አንቺም የሰጡሽን የመቀበል ግዴታ አለባችሁ ወይ። አንቺ እንደጻፍሽው ከሆነ በባንኩ ላፕቶፕ ነው የምትሰሪው፣ ጠዋት ጠዋት ከቲሙ ጋር ሚቲንግ አለሽ፣ ማናጀሩ ነው ስራ የሚያከፋፍልሽ፣ ሰው ተክተሽ መቅረትም አትችይም። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሁኔታ ኢንሳይድ መባሉ የሚያስገርም አይደለም፣ ለ3 ወር ስራ ስትከራከሪ 45 ቀን ማጥፋትም አይመከርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰው አምብሬላን የሚጠላው መጀመሪያ ሳምንት ፔይስሊፑን ሲያይ ነው። 350 በቀን ማለት በሳምንት 1,750 ፓውንድ ነው። ይሄ ቁጥር ግን ደሞዝሽ አይደለም፣ ኤጀንሲው ለአምብሬላው የሚከፍለው ዋጋ ነው፣ አሳይመንት ሬት ይሉታል። አምብሬላው አሰሪሽ ስለሆነ የአሰሪው ወጪ ሁሉ ከዛው ውስጥ ነው የሚወጣው። የራሱን ማርጂን በሳምንት 20 ፓውንድ ይወስዳል እንበል፣ አብዛኞቹ ከ15 እስከ 30 ውስጥ ናቸው። ከዛ የአሰሪ ናሽናል ኢንሹራንስ አለ፣ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 15 ፐርሰንት ሆኗል፣ የሚጀምርበትም በአመት ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ወርዷል፣ አንቺ ላይ በሳምንት 212 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። አፕረንቲስሺፕ ሌቪ የምትባል ግማሽ ፐርሰንት ደግሞ ወደ 7 ፓውንድ ተኩል። ይሄ ሁሉ ከወጣ በኋላ 1,510 ፓውንድ ይቀራል፣ ደሞዝሽ እሱ ነው፣ በቀን 302 ማለት ነው። ከሱ ላይ ደግሞ በተለመደው 1257ኤል የታክስ ኮድ ኢንካም ታክስ 362፣ ያንቺ ናሽናል ኢንሹራንስ 69 ይቆረጣል። እጅሽ የሚገባው 1,080 ገደማ፣ ከ1,750ው 62 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ጡረታና ስቱደንት ሎን ሳይጨመር ነው ይሄ።

"የአሰሪውን ኢንሹራንስ ለምን እኔ እከፍላለሁ" ብለሽ እንደምትናደጂ አውቃለሁ፣ ሁሉም ይናደዳል፣ እኔም ፍትሃዊ ነው ብዬ አልከራከርልሽም። ከደሞዝሽ ላይ ቢቆርጡት ህገወጥ ነው፣ ግን አሳይመንት ሬቱ ደሞዝ ስላልሆነ ነው የሚያልፈው። መፍትሄው ሬቱን ስትደራደሪ ከመጀመሪያው 350ን እንደ 302 አድርገሽ ማሰብ ነው፣ ቋሚ ስራ ላይ ከነበረሽ ደሞዝ ጋር ስታወዳድሪም በ302 አወዳድሪ። እዛ ውስጥ የአመት ፈቃድሽም አለበት ታዲያ። 12.07 ፐርሰንት ነው የፈቃድ ክፍያ፣ ከ1,510ሩ ውስጥ ወደ 163 ፓውንድ ማለት ነው። አንዳንዱ አምብሬላ በየሳምንቱ አብሮ ይከፍልሻል፣ አንዳንዱ ያጠራቅምልሻል። የሚያጠራቅም ከሆነ ከመልቀቅሽ በፊት ጠይቀሽ መውሰድ አለብሽ፣ ሳይጠይቁ ለቀው ገንዘባቸው እዛው የቀረባቸው ሰዎች አሉ። በየሳምንቱ ይከፈለኝ በይና ተገላገዪ።

ኤጀንሲው ራሱ በፔይሮሉ ልክፈልሽ ቢልሽስ? ያኔ የሚነግርሽ ሬት ከ350 ያንሳል ግን የአሰሪ ኢንሹራንሱ ከሱ በላይ በኤጀንሲው ነው የሚከፈለው፣ ማርጂንም የለም። በቀን 302ና ከዛ በላይ ካሉሽ ፈቃዱ ውስጡ አለ ወይስ ሌላ ነው ብለሽ አጣሪና ከአምብሬላው ጋር አስተያዪው። ፈቃዱ ለብቻው የሚከፈል ከሆነ 270 ራሱ ከአምብሬላው አይተናነስም፣ በአምብሬላው ፈቃዱ ሲወጣ ዋናው ደሞዝ በቀን ወደዛው ነው የሚመጣው። ይሄን አማራጭ ሰው አያውቀውም፣ ኤጀንሲውም ካልተጠየቀ አያነሳውም።

እሺ፣ ስራው አውትሳይድ ቢሆንስ ኖሮ ሊሚትድ ስንት ያተርፍልሽ ነበር? እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ አውትሳይድ ሲሆን ሊሚትድ ሁሌም በሰፊው ያሸንፋል ብሎ ያስባል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ባለው ታክስ ላስላልሽ። 13 ሳምንት ሰራሽ፣ 22,750 ፓውንድ ገባ፣ በዛ የታክስ አመት ሌላ ገቢ የለሽም፣ ካምፓኒውም ከግብር አመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ቆሟል እንበል። ለአካውንታንትና ለቢዝነስ ኢንሹራንስ 1,500 አወጣሽ፣ ለራስሽ 12,570 ደሞዝ ከፈልሽ፣ በሱ ላይ የአሰሪ ኢንሹራንስ 1,135 ተከፈለ፣ በነገራችን ላይ ትንንሽ ድርጅቶችን ከዚህ ክፍያ የሚያድነው ኢምፕሎይመንት አላዋንስ አንድ ዳይሬክተር ብቻ ሆኖ ደሞዝ ለሚበላበት ካምፓኒ አይሰራም። የቀረው 7,540 ገደማ ትርፍ ላይ 19 ፐርሰንት ኮርፖሬሽን ታክስ ወጣ፣ 6,110 ዲቪደንድ፣ ማለትም የባለቤት የትርፍ ድርሻ፣ ወሰድሽ፣ ከሱ የመጀመሪያዋ 500 ነጻ ናት፣ ቀሪው ላይ 10.75 ፐርሰንት ከፈልሽ፣ ኤፕሪል 2026 ላይ ከ8.75 ነው የጨመረው። መጨረሻ ላይ እጅሽ የሚቀረው 18,080 ገደማ ነው። ያው 13 ሳምንት በአምብሬላ ብትሰሪ፣ የአመቱ ታክስ ተስተካክሎ ትርፍ የተቆረጠው ሲመለስልሽ 17,325 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ 750 ፓውንድ ነው! ለዛች 750 ካምፓኒ ከፍተሽ፣ የካምፓኒ ባንክ አካውንት ከፍተሽ፣ ሪፖርት አስገብተሽ፣ ዘግተሽ። እኔ በበኩሌ አይመስለኝም።

አመቱን ሙሉ አውትሳይድ ከሰራሽ ነገሩ ይለያል። 220 ቀን በ350 ማለት 77,000 ፓውንድ ነው፣ በተመሳሳይ ስሌት ሁሉንም አውጥተሽ ብትወስጂው እንኳን ሊሚትዱ ከአምብሬላው ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይበልጣል፣ የተወሰነውን ካምፓኒው ውስጥ ትተሽ በሚቀጥለው አመት ወይም ስራ በሌለሽ ጊዜ ብታወጪው ደግሞ 40 ፐርሰንቱን እርከን ስለምታመልጪ ልዩነቱ ይሰፋል። ከቤትሽ ራቅ ያለ ከተማ ከሆነ ስራው የጉዞና የሆቴል ወጪም በሊሚትድ ሲሆን ቦታው ጊዜያዊ እስከሆነ ድረስ ይያዝልሻል፣ 24 ወር ነው ገደቡ፣ አምብሬላ ላይ ግን ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በሰው ቁጥጥር ስር ለሚሰራ ሰው የቤትና የስራ ቦታ ትራንስፖርት ቀርቷል። ስለዚህ ሊሚትድ የሚያዋጣው ስራው አውትሳይድ ሲሆንና ተከታታይነት ሲኖረው ነው። አንዱ ብቻ አይበቃም።

አሁን ያ 85 ፐርሰንት። ከላይ ቁጥሩን አብረን ሰርተነዋል፣ በህጋዊ መንገድ 62 አካባቢ ነው፣ የታክስ አመቱ አጋማሽ ላይ ስለጀመርሽ ታክስ ቢቀንስልሽም 85 አይደርስም። ታዲያ 85 የሚለው ሰው ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል? እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ዝቅተኛውን የሰአት ክፍያ ያህል ብቻ ደሞዝ ብለው ፔይስሊፕ ላይ ያስገቡና ታክስ ይቆርጡበታል፣ ቀሪውን በሌላ ክፍያ ሎን ነው፣ አድቫንስ ነው፣ አኒዩቲ ነው፣ ካፒታል ክፍያ ነው እያሉ ታክስ ሳይነካው ይልኩልሻል፣ ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝ ውጪ ካለ ካምፓኒ። "የማይመለስ ብድር ነው አትጨነቂ፣ ጠበቃ አይቶታል፣ ኤችኤምአርሲ ያውቀዋል" ይሉሻል። ኤችኤምአርሲ፣ የታክስ መስሪያ ቤቱ፣ ግን ደሞዝ ነው የሚለው። በዚህ አይነት ብድር ላይ ሎን ቻርጅ የሚባል ታክስ ወጥቶ ኤፕሪል 5 ቀን 2019 ላይ ያልተመለሰ ብድር ያለበት ሰው የስንት አመቱ ተደምሮ በአንድ አመት ገቢ ተቆጥሮ ታክስ እንዲከፍል ተደርጓል፣ ኋላ ላይ ተሻሽሎ ከዲሴምበር 9 ቀን 2010 ጀምሮ የተወሰደው ላይ ብቻ ሆነ እንጂ። የስኪሙ ባለቤቶች ካምፓኒያቸውን ዘግተው ጠፉ፣ ቢሉ ግን ነርሱ፣ ሶሻል ወርከሩ፣ የአይቲ ሰራተኛው ቤት ሄደ። ከኛም ሰው ደብዳቤውን ይዘው የመጡ አይቻለሁ፣ ለፍተው የሰሩ፣ አጭበርብረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ጥፋታቸው ፔይስሊፑን የሚያነብላቸው ሰው አለማግኘታቸው ነው። ለዛ ነው ይሄን ያህል የማስረዝመው።

ሌላ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር፣ ገና ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነ የታክስ ታሪክ ለዜግነት ማመልከቻ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። በአንድ የሶስት ወር ኮንትራት ላይ ተጨማሪ 400 ፓውንድ በሳምንት ለማግኘት ብለሽ የአመታት ልፋትሽን አደጋ ላይ አትጣዪ።

እንዴት ትለያለሽ ካልሽ፣ ኤጀንሲው ከመስማማትሽ በፊት ኪይ ኢንፎርሜሽን ዶክመንት (ባጭሩ ኪአይዲ) የሚባል ወረቀት ሊሰጥሽ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ግዴታ አለበት፣ አሰሪሽ ማን እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚቆረጥና ምሳሌ ስሌት ያለበት። እሱን ከመጀመሪያው ፔይስሊፕሽ ጋር አስተያዪው። ባንክሽ ውስጥ የገባው ገንዘብ ፔይስሊፑ ላይ ካለው ኔት ፔይ ጋር በሳንቲም እኩል መሆን አለበት፣ ከበለጠ ወይም በሁለት ክፍያ ተከፍሎ ከመጣ እዛው አቁሚ። የኤችኤምአርሲ አፕ ስልክሽ ላይ ካለ ደግሞ አሰሪሽ ስንት እንደከፈለሽና ስንት ታክስ እንደቆረጠ ሪፖርት ያደረገውን ታያለሽ፣ ፔይስሊፑ ላይ ያለው እዛም መኖር አለበት። ሳታውቂ በየጊዜው የአሰሪሽ ስም ፔይስሊፕ ላይ የሚቀያየር ከሆነም ተጠንቀቂ፣ ሚኒ አምብሬላ የሚባለው ማጭበርበር ምልክቱ እሱ ነው። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ አምብሬላው ታክሱን ካልከፈለ ኤጀንሲው ራሱ ይጠየቅበታል፣ ስለዚህ ኤጀንሲው አራት ስም ብቻ የላከልሽ አንቺን ለማጥበብ ብሎ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያም ሆኖ ሊስት ላይ አለ ማለት ተመርምሯል ማለት አይደለም፣ ኮሚሽን የሚቀበሉ ኤጀንሲዎችም ስላሉ ከአራቱም ኪአይዲና የናሙና ስሌት አስልኪ። ማርጂኑ ተቀራራቢ ስለሆነ ስሌታቸው ከ10 ወይም 15 ፓውንድ በላይ ሊለያይ አይገባም፣ የሆነ አንዱ በብዙ ከበለጠ ጥሩ ስለሆነ አይደለም።

ስለ ልጅ ያልሽው ነገር ላይ። ስታቹተሪ ማተርኒቲ ፔይ፣ አሰሪ የሚከፍለውን የወሊድ ክፍያ፣ ለማግኘት ከመውለጃሽ ቀን በፊት ባለው 15ኛ ሳምንት ላይ ለአንድ አሰሪ ሳይቋረጥ 26 ሳምንት የሰራሽ መሆን አለብሽ። አምብሬላ ላይ ጥሩ የሚሆነው ኮንትራቱ በአሳይመንቶች መሀል የማይቋረጥ የቅጥር ውል ከሆነ ነው፣ ማለትም የባንኩ ስራ ቢያልቅም የአምብሬላው ተቀጣሪ ሆነሽ ትቀጥያለሽ፣ የሚቀጥለውን ስራ በዛው በኩል ከሰራሽ ሳምንቱ ይደመርልሻል። ስለዚህ ለአስር ፓውንድ ብለሽ በየኮንትራቱ አምብሬላ አትቀያይሪ። ኤጀንሲ ፔይሮል ከመረጥሽ ይሄ ነገር ላይኖር ስለሚችል አንቺ ላይ ሚዛኑን ወደ አምብሬላ የሚያደፋው ይሄ ነው። 26ቱ ባይሞላ እንኳ ማተርኒቲ አላዋንስ የሚባል የመንግስት ክፍያ አለ፣ ከመውለጃሽ በፊት በነበሩት 66 ሳምንታት ውስጥ 26ቱን የሰራ ሰው ያገኘዋል፣ አሰሪው የተለያየ ቢሆንም።

ቀጥሎ ይመጣል ያልሽው የትንሹ ድርጅት ስራ። ትንሽ ድርጅት ከሆነ በእውነት፣ የአይአር35 ውሳኔው ያንቺ ካምፓኒ ነው የሚሆነው፣ የድርጅቱ አይደለም። ያ ማለት ግን እንደፈለግሽ ትወስኛለሽ ማለት አይደለም፣ ተሳስተሽ ከተገኘሽ የሚጠየቀው ያንቺው ካምፓኒ ነው። ስራው "ይሄን ሪፖርት ሲስተም ሰርተሽ አስረክቢን" አይነት ከሆነ፣ በራስሽ ላፕቶፕ፣ በራስሽ ሰአት፣ አውትሳይድ ሊሆን ይችላል፣ ውሉን የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ። እሱ ሲረጋገጥና ከሱ በኋላም ሌላ ተመሳሳይ ስራ እንዳለ ሲታይሽ ያኔ ካምፓኒ ክፈቺ፣ ለመክፈት አንድ ሁለት ቀን ነው የሚፈጀው፣ ከኖቬምበር 18 ቀን 2025 ጀምሮ ዳይሬክተር ለመሆን ማንነትሽን ማረጋገጥ ግዴታ ስለሆነ ፓስፖርትሽን አዘጋጂ። ቀድሞ ከፍቶ ማስቀመጥ የሚባል ነገር አለ እኛ ጋ፣ "ይጠቅመኛል" ብሎ ከፍቶ መርሳት። ምንም ሳይሰራ የተቀመጠ ካምፓኒም በየአመቱ አካውንት (የሂሳብ ሪፖርት) እና ኮንፈርሜሽን ስቴትመንት (የካምፓኒው መረጃ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫ) ያስገባል፣ አካውንቱ በአንድ ቀን ቢዘገይ 150 ፓውንድ ነው፣ ከስድስት ወር ካለፈ 1,500፣ ሁለት አመት ተከታትሎ ከዘገየ በእጥፍ።

ከከፈትሽ ደግሞ አንድ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ይግባሽ፣ ካምፓኒው ውስጥ ያለው ገንዘብ ያንቺ አይደለም፣ የካምፓኒው ነው። ሰው ኢንቮይሱ ሲከፈለው ሂሳቡ ውስጥ 15,000 ያይና የዕቁቡን ከዛ ይከፍላል፣ አዲስ አበባ ለእናቱ ከዛ ይልካል፣ ኮንዶሚኒየም ይከፍላል፣ አመቱ መጨረሻ ላይ አካውንታንቱ "ይሄ ምንድነው" ሲለው ዝም። ደሞዝ ያልሆነ፣ ዲቪደንድ ተብሎ ያልተጻፈ ወጪ ሁሉ ከካምፓኒው የተበደርሽው ነው የሚሆነው፣ የካምፓኒው አመት ከተዘጋ በ9 ወር ከ1 ቀን ውስጥ ካልመለስሽው ካምፓኒው ሲሶ የሚያህል ታክስ ይከፍልበታል፣ ያንን የሚያገኘው ብድሩ ሲመለስ ብቻ ነው። ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ ደግሞ አንቺም ላይ ሌላ ታክስ አለ። ዕቁቡም የእናትሽም ከግል አካውንትሽ ይውጣ፣ ካምፓኒው በደሞዝና በዲቪደንድ ወደ ግል አካውንትሽ ይላክ፣ ኮርፖሬሽን ታክሱን ኢንቮይስ በተከፈለሽ ቁጥር ለይተሽ ሌላ ሂሳብ ላይ አስቀምጪ። ሽያጭሽ በ12 ወር ውስጥ 90,000 ካለፈ ቫት መመዝገብ አለብሽ፣ በ350 አትደርሺበትም ግን ሬትሽ ካደገ አስቢበት። ሞርጌጅ እያሰባችሁ ከሆነም ብዙ ባንኮች ከሊሚትድ ባለቤት የሁለት አመት አካውንት ነው የሚጠይቁት፣ የአምብሬላ ፔይስሊፕ ይቀላል።

ቪዛሽን አልጻፍሽም። የዘላቂ መኖሪያ ወይም የስደተኛነት ፈቃድ ወይም ዜግነት ካለሽ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፣ ግራጁዌት ቪዛም ቢሆን በግል መስራት ይፈቅዳል። በስኪልድ ወርከር ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን ስራው ከስፖንሰሩ ጋር የታሰረ ነው፣ ስፖንሰሩን ትቶ በአምብሬላም በሊሚትድም መሄድ አይችልም፣ የተማሪ ቪዛም በግል ስራ አይፈቅድም። ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ከሁሉ በፊት ቪዛውን ይይ፣ የኢሚግሬሽን አማካሪ ይጠይቅ።

አሁን ለኤጀንሲው የምትጽፊው ኢሜይል አጭር ይሁን። አንደኛ ኤስዲኤሱን ላኩልኝ፣ ሁለተኛ በናንተ ፔይሮል መግባት እችላለሁ ወይ፣ ከሆነ ሬቱ ስንት ነው፣ ፈቃዱን ይጨምራል ወይ፣ ሶስተኛ ለአራቱም አምብሬላዎች ኪአይዲ ላኩልኝ። ለአምብሬላዎቹ ደግሞ ማርጂናችሁ ስንት ነው፣ ፈቃድ በየሳምንቱ ትከፍላላችሁ ወይ፣ ውሉ በአሳይመንቶች መሀል ይቀጥላል ወይ፣ ሳላሪ ሳክሪፋይስ ጡረታ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻዋ ለምን መሰለሽ፣ በዛ መንገድ ወደ ጡረታ የምታስገቢው ገንዘብ ታክስም የሁለቱም ወገን ኢንሹራንስም ስለማይነካው፣ የአሰሪውን ኢንሹራንስ ቁጠባ የሚያካፍል አምብሬላ ካገኘሽ ኢንሳይድ ላለ ሰው ከቀሩት ጥቂት ህጋዊ መንገዶች ጥሩው እሱ ነው። አውቶማቲክ ጡረታውን አሰሪው እስከ ሶስት ወር ማዘግየት ስለሚችል ካልጠየቅሽ ኮንትራቱ አልቆ ምንም ሳይገባልሽ ሊቀር ይችላል።

ከቀድሞው መስሪያ ቤትሽ ፒ45ሽን፣ ስትለቂ የሚሰጥሽን የደሞዝና የታክስ ወረቀት፣ ሳትቀበዪ እንዳትጀምሪ፣ ለአምብሬላው መጀመሪያ ቀን ስጫቸው። እሱ ከሌለ በኢመርጀንሲ ኮድ ነው የሚያስገቡሽ፣ ያኔ ከአመቱ መጀመሪያ ያልተጠቀምሽበት ነጻ ገቢ አይታይልሽም፣ የተረፈሽ ታክስ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል። ኪአይዲዎቹ ሲመጡልሽ የግል መረጃሽን አጥፍተሽ ቁጥሮቹን ብቻ እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።